የ«ማስከሬድ» ዋልዝ የማዳመጫ ምሽት፦ የጋራ ዕቅዳችንን እዚህ እናብስለው

የማኅበሩ ጸሐፊ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ስብሰባ የተስማማነው በአንድ ነገር ብቻ ነው። የሚቀጥለው ምሽታችን በአንድ ሙዚቃ ላይ ይሁን ብለናል፤ በሶቭየቱ የሙዚቃ ደራሲ በአራም ኻቻቱሪያን «ማስከሬድ» (የጭምብል ጭፈራ ማለት ነው) ዋልዝ ላይ። «ለአራት ደቂቃ ሙዚቃ ሙሉ ምሽት አይበዛም ወይ?» ያላችሁ ነበራችሁ። እኔ አይበዛም ባይ ነኝ። ምክንያቴን ልንገራችሁ።

ባለፈው ዓመት አንዱ ዝግጅት አልቆ ወንበር ስንሰበስብ ይህን ዋልዝ ከፍቼው ነበር። አንዲት እናት ልጃቸውን ሊወስዱ መጥተው በር ላይ ቆመዋል። ሙዚቃው ሲጀምር የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገው ዝም አሉ። ልጅቷ «እማ፣ እንሂድ» ብትላቸው በእጃቸው «ቆይ» አሏት። ሲያልቅ ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ ይሄ የሠርግ ነው የለቅሶ?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አጣሁ። እስከ ዛሬም ይህ ጥያቄ ከውስጤ አልወጣም።

ምሽቱን በዚህ ጥያቄ ላይ እንሥራው ነው የምለው። ሰው መጥቶ ሙዚቃውን ይስማ። ስለ ደራሲው፣ ስለ ተጻፈለት ቴአትር፣ ስለ ዘመኑ ጦርነት አንድም ቃል አንንገረው። የተሰማውን በወረቀት ይጻፍ። ከዚያ ታሪኩን እንንገረው። ከዚያ ደግሞ ይስማና ይጻፍ። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ስናስቀምጥ ብዙ የምንማረው ነገር ይኖራል።

ረቂቁ ይኸው ነው። አርሙት፣ ጨምሩበት፣ ካልጣማችሁም በግልጽ ተናገሩ።

የቫዮሊን አስተማሪው፦

በሐሳቡ እስማማለሁ። የእኚያ እናት ጥያቄ ከሙዚቃው ሥራ ጋር ቀጥታ የተያያዘ ነው። ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የማሳየው ይህንኑ ነው።

ዋልዝ ሦስት ምት ነው። አንድ ከባድ፣ ሁለት ቀላል። ይህን ምት ወፍራሞቹ መሣሪያዎች ይዘው ይሽከረከራሉ። እግር «ተነሥ፣ ጨፍር» ይባላል። ከላይ ቫዮሊኖቹ የሚያመጡት ዜማ ግን የሚያዝን ነው። በማይነር፣ ማለትም ሐዘን በሚመስለው የፈረንጅ ቅኝት ነው የተጻፈው። በትናንሽ እርምጃ እየተንሸራተተ ይወርዳል፤ መልሶ ይነሣል፤ ደግሞ ይወርዳል። ስለዚህ እግር አንድ ነገር ይነገረዋል፣ ልብ ሌላ። መሐሉ ላይ ሙዚቃው ፈካ ይላል። ሰው እፎይ ሊል ሲል ያ የመጀመሪያው ዜማ ይመለሳል። የሚመለሰው ያው ዜማ ቢሆንም ሰሚው ግን ያው አይሆንም።

ይህን ማሳየት ይቻላል። ሁለት ተማሪዎች አመጣለሁ። አንዱ በቼሎ ምቱን ብቻ ይጫወት። ከዚያ አንዷ በቫዮሊን ዜማውን ብቻ፣ ያለ ምት። ለየብቻ ሲሰሙ አንዱ ጭፈራ፣ ሌላው እንጉርጉሮ ነው። በመጨረሻ አብረው ይጫወቱት። አምስት ደቂቃ ይበቃናል። ቦታው ግን ከመጀመሪያው ማዳመጥ በኋላ ነው እንጂ በፊት አይሁን።

በቅርቡ የገባሁ አባል፦

እኔ ሙዚቃውን ያወቅኩት በበረዶ ላይ ስኬት ነው። ጃፓናዊቷ ስኬተር ማኦ አሳዳ እ.ኤ.አ. በ2008 በጀመረው የውድድር ዘመን በዚህ ዋልዝ ትወዳደር ነበር። በዚያው ዓመት ግራንድ ፕሪ በሚባለው ውድድር ፍጻሜ በአንድ ዝግጅት ውስጥ ሁለት ትሪፕል አክስል (በጣም ከባድ የሆነ ዝላይ) የሠራችው በዚህ ሙዚቃ ነው። እኔ ግን ዝላዩን አልቆጠርኩም። ቪዲዮውን ያየሁት በስልኬ፣ ታክሲ ውስጥ ነው። ሜክሲኮ መውረድ ሲገባኝ ሳር ቤት ደረስኩ። ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር። ምን ሆኜ እንደሆነ አላውቅም። ማንም አልሞተብኝም፣ ማንም አልተለየኝም።

ስለዚህ ጸሐፊዋ ያለችው ትክክል ነው። ታሪኩን ሳያውቁም ይነካል። ቪዲዮውን እናሳይ ወይ?

የማኅበሩ ጸሐፊ፦

ወንድሜ፣ ቪዲዮውን በመጨረሻ፣ ሻይ ስንጠጣ እናየዋለን። በመጀመሪያው ማዳመጥ ግን ምንም የሚታይ ነገር ባይኖር ይሻላል። ሰው የእሷን ፊት አይቶ እንዳያለቅስ ነው። የራሱን ይስማ።

ሌኒንግራድ የተማሩት ጋሼ፦

ልጆቼ፣ እኔ በዚህ አልስማማም። ታሪኩን ሳይነግሩ ማሰማት ሰውን ግማሽ መንገድ ላይ ማስቀረት ነው።

ይህ ሙዚቃ የተጻፈው ሞስኮ ለሚገኘው የቫኽታንጎቭ ቴአትር ነው። ሩሲያዊው ባለቅኔ ሌርሞንቶቭ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ የጻፈውን «ማስከሬድ» የሚባል ተውኔት ሊያሳዩ። ቴአትሩ የተከፈተው እ.ኤ.አ. ጁን 21 ቀን 1941 ነው። በነጋታው፣ ጁን 22፣ የሂትለር ጦር ሶቭየት ኅብረትን ወረረ። አስቡት እንግዲህ። ሰው ማታ ይህን ዋልዝ ሰምቶ ቤቱ ገብቶ ተኛ። ሲነቃ ጦርነት ነው። ወር እንዳለፈ የቴአትር ቤቱ ሕንፃ ራሱ በቦምብ ተመታ።

በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 14 ቀን 1933 መሆኑ ነው። ሚያዝያ 27 ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገብተው ሁለት ወር አልሞላም ነበር። እኛ ከጦርነት ስንወጣ እነሱ ገቡበት። ይህን ያወቀ ሰው ዋልዙን እንዴት አድርጎ እንደ በፊቱ ይሰማዋል?

የማኅበሩ ጸሐፊ፦

ጋሼ፣ ይህን እርስዎ ባሉበት ሁኔታ ካልነገሩን ምሽቱ ምሽት አይሆንም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እርስዎ መጀመሪያ ሲሰሙት ታሪኩን ያውቁ ነበር?

ሌኒንግራድ የተማሩት ጋሼ፦

አላውቅም ነበር። እውነቱን ልንገርሽ። የመጀመሪያው ክረምቴ ነው። በረዶው እስከ መስኮቱ ደርሷል። ከማደሪያው ኩሽና ውስጥ የግድግዳ ራዲዮ ነበር። ድንች እየላጥኩ ነው የሰማሁት። ቢላውን አስቀመጥኩ። እናቴ ታየችኝ፤ የልደታ ለት ቡና ስታፈላ። ለምን እሷ እንደታየችኝ አላውቅም። ሙዚቃው የኛ አይደለም፣ ቅኝቱም የኛ አይደለም። ግን እናቴን አመጣብኝ። የቴአትሩን ታሪክ የሰማሁት ከስንት ዓመት በኋላ ነው።

ይገባኛል ምን ልትይ እንደሆነ። እሺ። መጀመሪያ ይስሙ። ግን ታሪኩ ሲነገር በጥድፊያ አይሁን። ቢያንስ ሩብ ሰዓት ስጡኝ።

ሥነ ጽሑፍ የምታስተምረው አባል፦

ጋሼ ስለ ጦርነቱ ይናገሩ፣ ስለ ኒና ደግሞ ለእኔ ተዉልኝ። ምክንያቱም የእኚያን እናት ጥያቄ ከእሳቸው በፊት የጠየቀች እሷ ናት።

ኒና በተውኔቱ ውስጥ የዋናው ገጸ ባሕርይ የአርቤኒን ሚስት ናት። በጭምብል ጭፈራው ላይ አምባሯ ይወድቃል። ሌላ ሴት አንሥታ ለአንድ መኮንን ትሰጠዋለች። ባሏ አምባሩን በሰው እጅ ያየዋል። ከዚያ በኋላ ምንም ቢነገረው አይሰማም። በሌላ ጭፈራ ላይ አይስክሬም ውስጥ መርዝ ጨምሮ ይሰጣታል። ንጹሕ መሆኗን የሚያውቀው ከሞተች በኋላ ነው፤ ያብዳል።

መርዙን ከበላች በኋላ ገና ሳታውቅ ስለ አዲሱ ዋልዝ ትናገራለች። እንዴት እንደሚያምር፣ እንዴት እየፈጠነች እንደተሽከረከረች። ከዚያ ልቧ ጭምቅ አለ፤ ሐዘን ነው እንዳትል ሐዘን አይደለም፣ ደስታም አይደለም። ኻቻቱሪያን የተቸገረው በዚህ ነው። ሌርሞንቶቭ ዋልዙን በቃል ብቻ ነው የጻፈው። እሱ ያንኑ በድምፅ ማምጣት ነበረበት። ብዙ ሞክሮ አልሆነለትም። አስተማሪው ሚያስኮቭስኪ የድሮ የሩሲያ ዋልዞችና ሮማንሶች (የፍቅር ዘፈኖች) እንዲያይ ሰጠው፤ አሁንም አልመጣም። በመጨረሻ ዜማው የመጣለት አንዲት ሠዓሊ ምስሉን ስትሥል ሳይንቀሳቀስ ተቀምጦ ሳለ ነው። ሙዚቃውን ኒናን ሆና ለተጫወተችው ለአላ ካዛንስካያ አበረከተላት።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልምጣ። «ደስ አለዎት ወይስ አዘኑ?» ብለን ከጠየቅን ነገሩን ገደልነው። አማርኛችን ለዚህ ስሜት ቃል አለው፤ ሆዴን ባር ባር አለኝ እንላለን። ሰው ልጁን ድሮ ሲመለስ፣ ወይ የልጅነት ሰፈሩን ሲያይ የሚለው ነው። ስንሸኝ ባር ባር ይለናል፤ ስንቀበልም ይለናል። በወረቀቱ ላይ ግን ይህንንም ቃል አንጻፍ። ቃሉን ከሰጠነው ሁሉም እሱን ይጽፋል። ጥያቄው እንዲህ ይሁን፦ «ምን ታየዎት? የት ተሰማዎት?» ሰው «ጉሮሮዬ ላይ» ይበል፣ «ጠጉሬ ቆመ» ይበል፣ «እናቴ ቡና ስታፈላ» ይበል።

የታሪክ አባሉ፦

የአርመኖቹን ነገር እንዳንረሳ። ኻቻቱሪያን እ.ኤ.አ. በ1903 ትብሊሲ (የጆርጂያ ዋና ከተማ) አካባቢ ከአርመን ቤተሰብ ተወለደ። ሙዚቃ መማር የጀመረው በ19 ዓመቱ ሞስኮ ገብቶ ነው። በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1924፣ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም 40 አርመን ወላጅ አልባ ልጆችን አመጡ። አርባ ልጆች የምንላቸው ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን መዝሙር ዜማ ደረሰ። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ደግሞ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ለሠራው ሥራ እስከ ዛሬ ይመሰገናል። አዲስ አበባ ውስጥ የአርመን ሙዚቃ እንግዳ አይደለም። ግማሽ ሰዓት ቢሰጠኝ በደንብ አቀርበዋለሁ።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦

ወንድሜ፣ ታሪኩን እወደዋለሁ። ለራሱ ሌላ ምሽት የሚገባው ነው። በዚህኛው ግን ግማሽ ሰዓት ከሰጠነው ሰው ዋልዙንና አርባ ልጆችን አንድ ታሪክ ያደርጋቸዋል። ዋልዙ የሞስኮ ቴአትር ነው። አምስት ደቂቃ ውሰድ፣ ጋሼ ከመናገራቸው በፊት። በፒያሳው የአርመን ቤተ ክርስቲያን በኩል ግብዣ እንላክ። ከመጡ እነሱ የሚጽፉትን ወረቀት ማንበብ በጣም ነው የምፈልገው።

የድምፅ ሥራ የሚሠራው፦

ስለ ድምፅ አንድ ነገር። ያለፈው አዳራሽ ስፒከር ወፍራሙን ድምፅ ሲያንቀጠቅጠው ሁላችሁም ሰምታችኋል። ይህ ዋልዝ ደግሞ በወፍራሙ ነው የቆመው። ምቱ ከተበላሸ የቫዮሊን አስተማሪው ያለው ነገር አይሰማም። ስለዚህ የራሴን ሁለት ስፒከር አመጣለሁ። መብራት ቢጠፋ ባትሪ ይዣለሁ። ሁለቱንም ጊዜ አንድ ቅጂ ብቻ ነው የምንጠቀመው። ቅጂ ከቀየርን ሰው የተለየ ነገር ሲሰማው ከታሪኩ ይሁን ከአጫዋወቱ አናውቅም። ኻቻቱሪያን ራሱ ኦርኬስትራውን እየመራ የቀረጸው አለ፤ እሱ ይሁን እላለሁ።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦

ተስማማሁ። እንግዲህ ለኮሚቴው የሚገባው ጽሑፍ ይህን ይመስላል፤ እስከ ዓርብ ካልተቃወማችሁ አስገባዋለሁ።

«ማኅበራችን ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት ጀምሮ ለ40 ሰው የሚሆን የማዳመጫ ምሽት ያዘጋጃል። እንግዶች ሲገቡ ወረቀትና እርሳስ ይሰጣቸዋል። የሙዚቃው ስምና የደራሲው ስም አይነገርም። መብራቱ ደብዘዝ ይላል፤ ዋልዙ ይሰማል፤ ሁለት ደቂቃ ዝምታ ይሆናል፤ ከዚያ ይጻፋል። ቀጥሎ ምቱና ዜማው ለየብቻ በቼሎና በቫዮሊን ይቀርባሉ። ከዚያ ስለ ኻቻቱሪያን፣ ስለ ጁን 1941 እና ስለ ኒና ይነገራል። ዋልዙ እንደገና ይሰማል፤ በወረቀቱ ጀርባ ይጻፋል። ስም መጻፍ ግዴታ አይደለም። ፈቃደኛ የሆነ ያነባል፤ ያልፈለገ ወረቀቱን ይዞ መሄድ ይችላል።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር የጨመርኩት ጋሼ ስለ እናታቸው ከነገሩን በኋላ ነው። አንዳንዱ ነገር ለሰው ፊት አይሆንም።

አንድ ያልተፈታ ነገር ቀረ። እኚያን እናት እንዲመጡልን እፈልጋለሁ። ስልካቸውን ግን አልያዝኩም።

የቫዮሊን አስተማሪው፦

ልጅቷ የኔ ተማሪ ናት። ዜማውን ብቻዋን የምትጫወተው እሷ ናት። እናትየውን ሐሙስ ከልምምድ በኋላ አገኛቸዋለሁ። ምን ዓይነት ሙዚቃ እንደሆነ ግን አልነግራቸውም።