ዘሩ በእርግጥ ሳይታወቅ የትኛውን ታርታን ይልበስ?

ጥያቄ (ሙሽሪት፣ ኤድንብራ)
ሰላም ቤተሰብ። በነሐሴ እዚሁ ልንጋባ ነው። እጮኛዬ ካናዳዊ ነው፤ የቤተሰቡ ስም ዊልሰን። አያቱ «እኛ ከስኮትላንድ ነን» ይሉ ነበር፤ ከየት መንደር እንደሄዱ ግን የሚያውቅ የለም። አሁን ኪልት፣ ያን የስኮትላንድ ወንዶች የሚለብሱትን ሽንሽን ጉርድ፣ ካልለበስኩ ብሏል። ኪልት ቤት ስንሄድ ሻጩ ስሙን ዝርዝር ላይ አየና «የገን ጎሳ ነህ» ብሎ የጎሳውን ታርታን፣ ባለ ዳማ ንድፍ ጨርቅ፣ አወጣለት። እውነት ነው? የሰው ልብስ እንዳይሆንብን ፈራሁ።

መልስ (የግላስጎው ልጅ)
እንኳን ደስ አለሽ! የሚከለክል ሕግ የለም፤ መታወቂያ የሚጠይቀው አይኖርም። ግን ያ ዝርዝር ማስረጃ አይደለም። ዊልሰን ማለት የዊል ልጅ ማለት ነው። በስኮትላንድም በእንግሊዝም ሞልቷል። ዊል የሚባል አባት ስንት ነው!

መልስ (ታሪክ ወዳድ)
ጎሳና ታርታንን በስም ማጣመር ያን ያህል የቆየ ነገር አይደለም። የደጋው ስኮትላንድ ሰዎች ያሉበት አመፅ ከተሸነፈበት የኩሎደን ጦርነት በኋላ፣ በ1746 የወጣ ሕግ የደጋውን ልብስ ከለከለ፤ የተነሳው በ1782 ነው። በ1822 ንጉሥ ጆርጅ አራተኛ ኤድንብራ ሲመጣ ግን ሁሉም «የጎሳዬ ታርታን የቱ ነው?» እያለ ተሯሯጠ። ባኖክበርን የምትባል የስኮትላንድ ከተማ ያሉ ሸማኔዎች ብዙውን ንድፍ ቀድሞ በቁጥር ነበር የሚሸጡት፤ የጎሳ ስም የተሰጠው ኋላ ነው። የሸማኔዎቹ ስም ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ዊልሰን። ዊልሰን የሚባል ታርታንም ስላለ፣ እኔ ብሆን ገንን ትቼ እሱን ነበር የምወስደው።

መልስ (እናት ከአበርዲን)
ልጄ፣ ታሪኩ ልክ ነው፤ ግን «ዝም ብሎ ይልበስ» አልልም። ባለቤቴ የደጋ ሰው ነው፤ ለነሱ የአባት ነገር ነው። የማያውቁትን ጎሳ «የኔ ነው» ማለት ደስ አይላቸውም። መጀመሪያ ካናዳ ያለውን የቅድመ አያቱን የሞትና የጋብቻ ወረቀት ፈልጉ፤ የትውልድ ቦታ ሊገኝበት ይችላል። ከዚያ ስኮትላንድስ ፒፕል የሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ አለ። የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ ከ1855 ጀምሮ ይዟል፤ ከዚያ በፊት የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነው። አገሩ ከታወቀ የአካባቢው ታርታን ይበቃል። የእናቱም ወገን ይታይ።
ለነሐሴ ካልደረሰ ብላክ ዋች የሚባለውን ታርታን ይልበስ፤ ጥቁር ሰማያዊና አረንጓዴ ነው፣ ማንም ቢለብሰው የሚቀየም የለም። ባልሞራል የሚባለውን ብቻ ተዉት፤ የንጉሣውያን ነው። ደግሞ አትግዙ፣ ተከራዩ። አንድ ሙሉ ኪልት ስምንት ያርድ ገደማ ሱፍ ይበላል፤ ዋጋው አይቀመስም።

ሙሽሪት
እናቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ብላክ ዋች ተከራየን፤ የቀሚሴ ጥለት አረንጓዴ ስለሆነ ገጠመ። ወረቀቱን እህቱ ካናዳ እየፈለገች ነው። ትናንት ቤት ሞከረው፤ ሽንሽኑን ወደ ፊት አድርጎ ወጣ! ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

እናት ከአበርዲን
ሽንሽኑ ወደ ኋላ! ፊት ለፊት ሜዳ ነው፤ ጫፉ በቀኝ በኩል ይውላል። መርፌ ቁልፉ ደግሞ የላይኛውን ጨርቅ ብቻ ይያዝ። ሁለቱንም አንድ ላይ ከወጋው ሲቀመጥ ይቀደዳል፤ የተከራያችሁትን ከነዋጋው ትከፍላላችሁ።