አንዱ ኮር ይቃጠላል፣ ሦስቱ ሥራ ፈተዋል

የሌሊት ተረኛ፦
ጤና ይስጥልኝ። ለቢሮው ኢንተርኔት የሚያድለው ዴቢያን (ሊኑክስ) ሰርቨራችን ፕሮሰሰሩ አራት ኮር አለው። አንድ ሰው ትልቅ ፋይል ማውረድ ሲጀምር ዜሮኛው ኮር መቶ ፐርሰንት ይሞላል፤ ቶፕ (የሚሠሩትን ፕሮግራሞች የሚያሳየው ትእዛዝ) ላይ ኬ ሶፍት አይአርኪው ዲ፣ ማለትም ፓኬቶቹን የሚያስተናግደው የከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ሥራ፣ አናት ላይ ይወጣል። ሦስቱ ቁጭ ብለው ያያሉ። መስመሩ 1 ጊጋቢት ነው፣ ግማሹን እንኳ አላገኘንም። ኢንተራፕትን (ካርዱ «ፓኬት መጣ» ብሎ ኮሩን የሚጠራበትን ምልክት) ለኮሮቹ የሚያከፋፍለውን አይአርኪው ባላንስ ጫንኩ፣ ወይ ፍንክች።

ኬብል ጎታች፦
አጥፋውና በእጅህ አከፋፍል። ፕሮክ ሥር አይአርኪው ውስጥ እያንዳንዱ ኢንተራፕት በቁጥሩ አለ፤ ኤስኤምፒ አፊኒቲ ሊስት የሚለው ፋይል ላይ የኮሩን ቁጥር ጻፍ። በቃ።

የሰርቨር እናት፦
ቆይ፣ ምንም ሳትነካ ፕሮክ ሥር ኢንተራፕትስ የሚለውን ፋይል እያወረድክ እየው። የኔትወርክ ካርዱ የትኛው ኪው (የፓኬት ወረፋ) ነው የሚቆጥረው? መስመሩስ ፒፒፒኦኢ (በስምና በፓስወርድ የሚገናኝ ዓይነት) ነው እንዴ?

የሌሊት ተረኛ፦
አራት ኪው አለ፤ የመጀመሪያው ብቻ ይሮጣል፣ ሌሎቹ ንቅንቅ አይሉም። አዎ ፒፒፒኦኢ ነው። እንዴት አወቅሽ?

የሰርቨር እናት፦
ሁለት ሌሊት አስነብቶኛል። ካርዱ ፓኬቱን በየኪው የሚመድበው የላኪና የተቀባዩን አይፒና ፖርት አይቶ ነው። ፒፒፒኦኢ ግን አይፒውን ሌላ ፖስታ ውስጥ ያሽገዋል። አብዛኞቹ ካርዶች ፖስታውን መክፈት ስለማይችሉ ሁሉንም አንድ ኪው ላይ ይጥሉታል። ኢንተራፕቱን ከኮር ኮር ብታዞረው ሸክሙ አብሮት ይዞራል እንጂ አይከፈልም። (የኬብል ጎታች ዘዴ ስህተት የለበትም፣ ግን ኪዎቹ ሁሉ ሲሠሩ ነው።)

ከርነሉ ግን ፖስታውን መክፈት ያውቃል፤ ከፍቶ ፓኬቶቹን ለኮሮቹ የሚያከፋፍልበት ዘዴ አርፒኤስ ይባላል። ሲስ፣ ክላስ፣ ኔት፣ የካርዱ ስም፣ ኪውስ፣ አርኤክስ ዜሮ እያልክ ግባና አርፒኤስ ሲፒዩስ በሚለው ፋይል ላይ የእንግሊዝኛዋን ኢ ብቻ ጻፍ። በሄክሳ (በ16 ቤት አቆጣጠር) 14 ማለት ናት፣ 2+4+8፣ ለእያንዳንዱ ኮር አንድ ቁጥር፤ ከ1 እስከ 3 ያሉትን ኮሮች ትከፍታለች፣ ዜሮኛውን ለኢንተራፕቱ ትተዋለች። የምትጽፈው በኔትወርክ ካርዱ ሥር ነው፤ ፒፒፒ ዜሮ (ፒፒፒኦኢው የሚፈጥረው መስመር) ሥር እንዳይሆን። ስትሞክረው ደግሞ ብዙ ፋይል አንድ ላይ አውርድ፣ አንድ ኮኔክሽን ብቻውን ያው አንድ ኮር ላይ ነው የሚሄደው።

የሌሊት ተረኛ፦
ኧረ እግዜር ይስጥልኝ! አራቱም ተካፈሉት። ግን ሪስታርት ሳደርገው ፋይሉ ተመልሶ ዜሮ ሆነ?

ኬብል ጎታች፦
ሲስ ዲስክ ላይ አይደለም ወንድሜ፣ ሲነሳ እንደ አዲስ ነው። ካርዱ ከተነሳ በኋላ የሚጽፍልህ ትንሽ የሲስተምዲ (ሰርቨሩ ሲነሳ ፕሮግራሞችን የሚያስጀምረው) ሰርቪስ አድርግለት። እኔም የራሴን ልፈትሽ፣ ለካ ፒፒፒኦኢ ነው።