ቤት ሲናድም ቅሬ ይድረስ፦ ለጋራ ስብሰባው የምናቀርበው ሐሳብ

ጸሐፊው፦ ሰላም ጎረቤቶች። የደሴና የኮምቦልቻ ቅሬዎቻችን (ዕድሮቻችን) ከክረምት በፊት ለሚያደርጉት የጋራ ስብሰባ የምናቀርበው ረቂቅ ይኼው። ቅሬያችን ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ቀብር ያስፈጽማል። ቤት ጎርፍ ሲገባበት ወይ ሲናድ ግን ደንቡ ላይ አንዲት መስመር የለችም። ሁሌ ከደረሰ በኋላ ነው የምንለምነው። ስለዚህ ከወር መዋጮው ላይ 10 ብር እንጨምር፣ ሸራ፣ አካፋና ዶማም ቀድመን እንግዛ። ደሴ ሳላይሽ፣ ሆጤና መናፈሻ ሰፈር ያላችሁም፣ ኮምቦልቻ ያላችሁም ያያችሁትን ጨምሩበት።

የሳላይሿ፦ ደግፌያለሁ፣ ግን ብሩ ብቻውን ምን ያደርጋል? ደሴ እኮ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መሀል ነው የተቀመጠችው፣ የሁለቱም ውኃ ወደኛ ይወርዳል፣ እኛ ደግሞ ቱቦውን በላስቲክ ሞልተን ሐምሌን እንጠብቃለን። አንድ ክረምት ሌሊት የጎረቤት ሕፃናትን በመስኮት ተቀባብለን ነው ያወጣናቸው። ጠዋት ደለሉን ለመጥረግ ያልመጣ ሰው አልነበረም። ሰንበትበት ሲል ግን ማንም የለም፣ ፍራሹ እንኳ ገና አልደረቀም። ግንቦት ላይ የቱቦ ጠረጋ ይግባበት።

የኮምቦልቻው፦ ከታች ያለነውንም አትርሱን። እናንተ ጋ የዘነበው በዶሮ መዝለያ ገደል አድርጎ በቦርከና ወንዝ እኛው ጋ ይመጣል፣ የለዮሌና የወርቃ ወንዞች ሲጨመሩበት ደግሞ አይጣል ነው። እዚህ ሰማዩ ጠርቶ ወንዙ ሊሞላ ይችላል። ከላይ የሚደውልልን ሰው ይመደብ። ኔትወርክ ከጠፋ የመስጊዱና የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ አለ፣ ሁለቱንም ቀድመን እናነጋግር።

ሽማግሌው፦ አብሽሩ ልጆቼ፣ ጥሩ ጀምራችኋል። ረዘም ብል አትቆጡኝ። በ1953 ግንቦት እዚሁ ከኮምቦልቻ በስተደቡብ ካራ ቆሬ ላይ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ልጅ ነበርኩ፣ ማጀቴ ከተማ ፈረሰች ሲባል ትልልቆቹ ደጅ ሲያድሩ ትዝ ይለኛል። በ1977 ደግሞ ከአሰብ በባቲ በኩል የሚመጣውን የእርዳታ እህል ኮምቦልቻ ላይ አራግፌያለሁ። ባቲ መጠለያ የነበረውን ያየ ሰው አንድ ነገር ያውቃል፣ ሰዉን የጨረሰው ረሃቡ ብቻ አልነበረም። ተጨናንቆ ሲያድር ቅማሉ በዛ፣ ተስቦው ገባ። እና ቤቱ የፈረሰበትን ሁሉ አንድ አዳራሽ ውስጥ አትጎሩ። በየቤታችን እንከፋፈለው፣ ወሎ እንግዳ ማሳደር አያቅተውም። ደግሞ እህሉ ሲታደል ሁሉም ያየዋል፣ ዝናብ ጥሎ ሰው ወደ ቀዬው ሲመለስ በሬ የለው፣ ዘር የለው፣ ያኔ ግን ዞር ብሎ የሚያይ የለም። ብሩን በመጀመሪያው ሳምንት አትጨርሱት። ግማሹ ለኋላ ይቀመጥ።

የሆጤው፦ ጋሼ ያሉት ልክ ነው። እኔ የምለው ስለ ናዳ ነው። ሐምሌ 2016 ገዜ ጎፋ ላይ የሆነውን አስታውሱ። በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ሊያወጣ የሮጠው ሰው ነው በሁለተኛው የተቀበረው። የኛም ሰው እንደዚያው ነው፣ ጩኸት ሲሰማ አካፋውን ይዞ ይሮጣል፣ ክፋት የለውም ግን ያስፈጃል። ተዳፋቱን ብቻ የሚያይ ሰው ሳይቆም ማንም አይቆፍር፣ ይኼ በደማቅ ይጻፍ። ምልክቱንም ለሰው እናስተምር፦ መሬቱ ሲሰነጠቅ፣ በር አልዘጋ ሲል፣ ምሰሶ ሲያዘነብል፣ ምንጩ ድንገት ሲደፈርስ። እንዲህ ያየ ሰው ማታ እዚያ ቤት አይደር። ዕቃዬ ይሰረቃል ብሎ ነው የሚቀረው፣ ስለዚህ ዘብ የሚያድር ጎረምሳ እኛ እንመድብ።

የመናፈሻዋ፦ ይቅርታ፣ እኔ ትንሽ ልረብሽ። 10 ብር ለናንተ ምንም ላይሆን ይችላል፣ በጡረታ ለሚኖር ግን ዛሬ ባለው ኑሮ ዳቦ ነው። መክፈል ያልቻለ በጉልበት ይሁን፣ ጉልበት የሌለው ደግሞ ቡና ያፍላ። የቀብሩን ብር ግን እንዳትነኩት!

ጸሐፊው፦ ለብቻው በሌላ ደብተር ይያዛል እትዬ፣ አይነካም። የጠረጋውን፣ የደዋዩን፣ ተዳፋት የሚያየውን ሰው፣ የዘቡንና ግማሹ ለኋላ ይቀመጥ የሚለውን አስገብቻለሁ። ለቀበሌ በቅጂ እናሳውቅ የሚል ካለ ይበል። የቀረው ዕቃው የሚቀመጥበት ነው። የድንኳኑ መጋዘን ታች ሜዳው ላይ ነው፣ መጀመሪያ ውኃ የሚገባው እዚያ ነው።

የሳላይሿ፦ እኛ ግቢ ከፍ ያለ ነው፣ ባዶ ክፍል አለ። ቁልፉ ግን በሦስት ሰው እጅ ይሁን፣ ሌሊት እኔን ብቻ እየፈለጋችሁ በር አትደብድቡ።