ግድግዳ «ለዛ ቢስ» ይባላል?

እባካችሁ አንዲት ቃል ላይ ተጣብቄ ቀርቻለሁና አግዙኝ።

አራት ኪሎ አካባቢ አንዲት ትንሽ ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ነኝ። ትናንት ስለ ፒያሳ ሕንጻዎች የተጻፈ ጽሑፍ ሳርም «ለዛ ቢስ ግራጫ ግድግዳ» የሚል አገኘሁና አለፍኩት። አብረውኝ የሚሠሩት ጋሼ ግን በቀይ እስክሪብቶ ከበቡት። «ልጄ፣ ለዛ የአንደበት ነው። ግድግዳ መቼ አወራ?» አሉኝ።

እውነት አላቸው መሰለኝ። ለዛ ያለው ጨዋታ፣ ለዛ ያለው ድምፅ እንላለን። የማያስቅ ቀልድ ደግሞ ለዛ ቢስ ነው። «ቢስ» እንኳ አያስቸግርም፣ የሌለው ማለት ነው፦ ዕድለ ቢስ፣ ፍሬ ቢስ፣ ዋጋ ቢስ። (ዕድል «ዕድለ» ሲሆን ዋጋ ንቅንቅ አለማለቱ ሁሌ ይገርመኛል። ለዛም እንደዚያው።)

ታዲያ በምን ልተካው? «ወዘና የሌለው» እንዳልል ወዘና የፊት ነው። «አልጫ» ሰው ሲታማበት ያምራል፤ ግድግዳ ላይ ግን ወጥ የተደፋበት ያስመስለዋል። ቡና እየጠጣን ቢሆን ያለ ጥርጥር «ደባሪ» እል ነበር። ወረቀት ላይ ሲሰፍር ግን የሰፈር ወሬ ይሆንብኛል። «የማይስብ» ትክክል ነው፣ ችግሩ ራሱም አይስብም።

ለቀለም ወይም ለቤት «ለዛ ቢስ» ሲባል የሰማችሁ አላችሁ? በየትኛው አገባብ? ጽሑፉ ሰኞ ጠዋት ማሽን ላይ ይወጣል፤ ጋሼ ደግሞ በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም።