ጣፊያው የተጎዳ ልጅ ሆዱ ይከፈት ወይስ ይጠበቅ?

አስተባባሪ፦ የዛሬው ክርክር ይህ ነው። አንድ ልጅ ከብስክሌት ሲወድቅ የመሪው ጫፍ ግራ ጎኑን መታው። ሲቲ ስካን ሲነሳ ጣፊያው ተሰንጥቋል፣ ሆዱ ውስጥም ደም አለ። ልጁ ግን ነቅቷል። የልብ ምቱም የደም ግፊቱም ደህና ነው። ኦፕሬሽን ይደረግ ወይስ ተኝቶ ይጠበቅ? ሐሳባችሁን ከነምክንያቱ።

አባት፦ እኔ ይከፈት ባይ ነኝ። ሆዱ ውስጥ ደም ፈሶ እያዩ "እንጠብቅ" ምን የሚሉት ነገር ነው? ሌሊት ቢብስበትስ? ያለ ጣፊያ የሚኖር ሰው ሞልቷል። አውጥቶ መገላገል አይሻልም?

የሕፃናት ቀዶ ሐኪም፦ ወንድሜ፣ መገላገል ያሉት ላይ ነው የማልስማማው። ድሮ የሙያው አቋም የእርስዎ ነበር፤ ጣፊያ ከተነካ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1952 ኪንግ እና ሹማከር የተባሉ ሐኪሞች፣ ጣፊያቸው የወጣ ሕፃናት በከባድ ኢንፌክሽን እንደሚያዙ ጻፉ። የሞቱም ነበሩ። ጣፊያ ደም ውስጥ የገቡ ባክቴሪያዎችን ያጣራል፣ በተለይ እንደ ኒሞኮከስ ያሉትን። ጣፊያ የሌለው ልጅ ጠዋት ትኩሳት ጀምሮት ማታ ላይደርስ ይችላል። ብዙ ጊዜ አያጋጥምም። ካጋጠመ ግን ከተያዙት እስከ ግማሽ የሚሆኑትን ይገድላል፣ ስጋቱም ዕድሜ ልክ አይለቅም። እ.ኤ.አ. በ1968 የቶሮንቶ (ካናዳ) የሕፃናት ሆስፒታል ሐኪሞች ሳይከፍቱ ያከሟቸውን ልጆች ውጤት አሳተሙ። ለብዙዎች አልተዋጠላቸውም ነበር። ዛሬ ግን እንደዚህ ልጅ ከተረጋጉት ውስጥ ከ10 ከ9 በላይ የሚሆኑት ሳይከፈቱ ይድናሉ።

አባት፦ ለዚያ ክትባት አለ አይደል እንዴ?

የሕፃናት ቀዶ ሐኪም፦ አለ፣ ጣፊያው ለወጣም የግድ ነው። ግን ሁሉንም ዓይነት ባክቴሪያ አይሸፍንም። ለልጅ ደግሞ ለዓመታት በየቀኑ ፔኒሲሊን ይጨመርበታል። በየቀኑ መድኃኒት የሚውጥ ልጅ ያሳደገ ያውቀዋል።

እናት፦ የስካኑ ወረቀት ላይ "ደረጃ 4" ቢልስ? ቁጥሩ ብቻውን ያስደነግጣል እኮ።

የሕፃናት ቀዶ ሐኪም፦ ያስደነግጣል፣ የጉዳቱ ደረጃ ከ1 እስከ 5 ነውና፤ 5 የከፋው ነው። ግን ለኦፕሬሽን የሚያስወስነን ልጁ እንጂ ፎቶው አይደለም። በደም ሥር ፈሳሽና ደም ተሰጥቶትም ግፊቱ አልስተካከል ካለ፣ ወይም አንጀቱም ከተበሳ፣ ያኔ አንከራከርም፤ ይከፈታል።

የድንገተኛ ክፍል ነርስ፦ "መጠበቅ" ሲባል እጅን አጣጥፎ መቀመጥ የሚመስላችሁ አላችሁ። ልጅ ደም ሲያጣ ግፊቱ ቶሎ አይወርድም። መጀመሪያ ልቡ ይፈጥናል። እጅና እግሩ ይቀዘቅዛል። ጥፍሩን ጫን አድርጋችሁ ስትለቁት ቀለሙ ለመመለስ ይዘገያል። ይነጫነጫል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ይሄኔ ነው ቤተሰብ "ተመስገን፣ ተኛ" የሚለው! ግፊቱ እስኪወርድ የጠበቀ ሰው ረፍዶበታል። ስለዚህ በየሰዓቱ የሚያየው ሰው ከሌለ ልጁ እየተጠበቀ ነው አይባልም።

የትንሽ ሆስፒታል ሐኪም፦ ነርሷ የኔን ነገር ነካችው። ዶክተር፣ የሚጠቅሱት ውጤት የተገኘው ደምም፣ ማደንዘዣም፣ ቀዶ ሐኪምም ሌሊቱን ሙሉ ባለበት ነው። እኔ ጋ ሲቲ የለም። ማታ አንድ ነርስ ለ30 አልጋ ናት። ልጁ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ቢብስበት ማንን ልጥራ? በወባ ያበጠ ጣፊያ ከሆነ ደግሞ በቀላሉ ነው የሚቀደደው። ቀን፣ ሰው ሁሉ እያለ ብከፍት ምኑ ላይ ነው ጥፋቴ?

የሕፃናት ቀዶ ሐኪም፦ ጥፋት አላልኩም። ግን እንደተረጋጋ ለምን አይልኩትም? ለመላክ ጥሩው ሰዓት ያ ነው። ደም ተይዞ፣ አብሮት የሚሄድ ባለሙያ ኖሮ።

የትንሽ ሆስፒታል ሐኪም፦ አምቡላንሱ ካለ እልካለሁ። ከሌለስ?

የሕፃናት ቀዶ ሐኪም፦ ከሌለ፣ መንገዱም ከተዘጋ፣ ሲመሽ ቀዶ ሐኪም እንደማይኖር እርግጠኛ ከሆኑ፣ ቀን መክፈትዎን አልኮንንም። ሆዱ ተከፈተ ማለት ግን ጣፊያው ይውጣ ማለት አይደለም። መስፋት አለ፣ የተጎዳውን ክፍል ብቻ ማንሳት አለ። ሙሉውን ማውጣት የመጨረሻው ነው።

እናት፦ ሳይከፈት የዳነውስ ስንት ቀን ይተኛል? ኳስስ?

የሕፃናት ቀዶ ሐኪም፦ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ የአሜሪካ የሕፃናት ቀዶ ሐኪሞች መመሪያ፣ ሆስፒታል የሚቆይበት ቀን ደረጃው ሲደመር 1፣ ከኳስና ከሩጫ የሚታቀብበት ሳምንት ደግሞ ደረጃው ሲደመር 2 ይላል። ደረጃ 3 ከሆነ 4 ቀን፣ 5 ሳምንት። አሁን ብዙ ቦታ ልጁ ደህና ከሆነ ቶሎ ነው የሚያስወጡት። ቤት ገብቶ ሆዱን ካመመው፣ ከገረጣ፣ ራሱን ካዞረው ወይም ግራ ትከሻውን አመመኝ ካለ ወዲያው ይመለስ።

አባት፦ ትከሻ? ሆዱን ተመትቶ?

የድንገተኛ ክፍል ነርስ፦ አዎ። ደሙ ድያፍራሙን፣ ማለትም ደረትንና ሆድን የሚለየውን ጡንቻ፣ ሲነካው ሕመሙ ትከሻ ላይ ይሰማል።

አባት፦ እሺ፣ ነርስ ካለ ይጠበቅ። የትንሹ ሆስፒታል ዶክተር ያሉት ግን አልተመለሰልኝም። ለእኔ ልጅ ያ ቦታ ከሆነ የሚደርሰው፣ ይክፈቱት ነው የምለው።