«ባሮው» እና «ሌንድ»፦ ማን ሰጠ፣ ማን ወሰደ?

ጥያቄ፦ ማለዳ

ሰላም ለሁላችሁ። ቀኑን ሙሉ የምጻጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ እስካሁን ብዙም አፍሬ አላውቅም ነበር። ባለፈው ሳምንት የአንድ ባልደረባዬ ላፕቶፕ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ደግነቴ መጣና «አይ ካን ባሮው ዩ ማይ ቻርጀር» ብዬ ጻፍኩለት። «ከማን?» ብሎ መለሰልኝ፣ ከሳቅ ምልክት ጋር። እኔም ቀልዱ ሳይገባኝ የሳቅ ምልክት ላኩለት። ቆይታ ሌላዋ ባልደረባዬ «ሌንድ ነበር ማለት ያለብሽ» አለችኝ።

መዝገበ ቃላት ሳይ «ባሮው» መበደር፣ መዋስ፤ «ሌንድ» ማበደር፣ ማዋስ ይላል። ይህንንማ አውቀዋለሁ! ፈተና ላይ ቢመጣ አልሳሳትም። ችግሩ በፍጥነት ስጽፍና ስናገር ነው፤ እጄ ሁልጊዜ ወደ «ባሮው» ይሄዳል። በዚያ ላይ «ሎን» የሚባል ሦስተኛ አለ። እናንተ እንዴት ነው የምትለዩት?

መልስ፦ ነጭ ጠመኔ

ወስደሽ የምትመልሺ አንቺ ከሆንሽ ባሮው፤ ሰጥተሽ የሚመለስልሽ ከሆነ ሌንድ። ሌላ ነገር የለውም።

መልስ፦ የማታ ተማሪ

ወንድሜ፣ ትርጉሙን አውቃለሁ ብላለች እኮ። እጄ ይስታል ነው ያለችው።

መልስ፦ መምህሩ

ለተማሪዎቼ የምነግራቸው ዘዴ አለ። የአማርኛውን ግስ የመጀመሪያ ፊደል ተመልከቺ። ተበደረ፣ ተዋሰ፤ በ«ተ» ሲጀምር ባሮው ነው። አበደረ፣ አዋሰ፤ በ«አ» ሲጀምር ሌንድ ነው። እኛ አንዲት ፊደል ቀይረን የምንገለብጠውን ነገር እንግሊዝኛ በመልክም በድምፅም የማይገናኙ ሁለት ቃላት ሰጥቶታል፤ ስለዚህ ጆሯችን ልዩነቱን በራሱ ጊዜ አይነግረንም።

ከግሱ በኋላ የሚመጣውንም ያዢ። ባሮው «ፍሮም» ይፈልጋል፦ «አይ ባሮውድ ኤ ቡክ ፍሮም ኸር»። ሌንድ ግን በሁለት መንገድ ይሄዳል፦ «ሺ ሌንት ሚ ኤ ቡክ» ወይም «ሺ ሌንት ኤ ቡክ ቱ ሚ»። ኃላፊ ጊዜው «ሌንት» መሆኑን አትርሺ፤ «ሌንድድ» እያሉ የሚጽፉ ብዙ አይቻለሁ።

መልስ፦ የማታ ተማሪ

መምህር፣ ዘዴዎ ጥሩ ነው፤ ግን «እስክሪብቶ ልዋስህ?» ስል «ተ» የት አለች? «እዋሳለሁ» ላይም የለችም። «ላውስህ» ላይ ደግሞ «አ» በ«ላ» ውስጥ ተሸሽጋለች። ልዋስህ፣ ላውስህ፤ ፍጥነት ላይ ላለ ሰው ሁለቱ በጣም ይቀራረባሉ፣ ትርጉማቸው ግን ተቃራኒ ነው።

መልስ፦ መምህሩ

ልክ ነህ፣ ይህንን መጨመር ነበረብኝ። ዓረፍተ ነገሩን መጀመሪያ ወደ «እሱ ትናንት» መልሱት፦ ትናንት ተዋሰ ወይስ አዋሰ? ያኔ ፊደሏ ትወጣለች። ሲናገሩ ለዚህ ጊዜ የለም፣ አልክድም፤ ለጽሑፍ ግን ይበቃል።

መልስ፦ ተርጓሚዋ

ማለዳ፣ ስህተትሽ ከየት እንደመጣ ልንገርሽ፤ እኔም ለዓመታት ስሳሳተው ኖሬያለሁ። ጣጣው ያለው ከግሱ ጭራ ላይ ነው።

«ገንዘብ አበደረኝ» ስንል «ኝ» ተቀባይ ናት፤ ገንዘቡ ወደ እኔ መጣ። «ገንዘብ ተበደረኝ» ስንልም ያችው «ኝ» አለች፤ አሁን ግን ገንዘቡ ከእኔ ወጣ። ተበድሮኝ ጠፋ የሚል ሰው ስንቴ ሰምተሻል? «ከእኔ ተበድሮ» ማለቱ እንደሆነ ማንም አይጠፋውም። አማርኛ «ለእኔ»ንም «ከእኔ»ንም በአንዲት «ኝ» ይገላገላቸዋል፤ አቅጣጫውን የሚነግረን ግሱ ነው። እንግሊዝኛ ይህንን አይፈቅድም። ከሌንድ ጋር «ሚ» ብቻ ይበቃል፤ ከባሮው ጋር ግን «ፍሮም ሚ» ብለሽ መዘርዘር አለብሽ። «ሂ ባሮውድ ሚ መኒ» የሚለው ስህተት በአማርኛ ጭንቅላት የታሰበ «ተበደረኝ» ነው።

እኔ የምጠቀምበት ማቆሚያ ይህ ነው፦ «ባሮው» ጽፌ ወዲያው «ሚ»፣ «ዩ»፣ «ሂም» ከተከተለ እጄን አነሳለሁ። ወይ ግሱ ሌንድ መሆን ነበረበት፣ ወይ መሀል ላይ «ፍሮም» ጎድሏል።

አንድ ብቻ ከዚህ ያመልጣል፦ «ካን አይ ባሮው ዩ ፎር ኤ ሚኒት?»። ይህ ትክክል ነው። ሰውየውን ራሱን ለአንድ ደቂቃ ከሥራው ልውሰድህ፣ ላናግርህ እንደማለት ነው። ባልደረባሽን ያሳቀውም ይኸው ይመስለኛል፤ ያንቺ ዓረፍተ ነገር እሱን ራሱን ልትዋሺው ያሰብሽ አስመስሎታል። «ከማን?» ያለውም ለዚህ ነው።

አስተያየት፦ ማለዳ

ወይ ጉዴ! አሁን ገና ሳቅኩ። «ተበደረኝ» ያልሽው በትክክል እኔ ነኝ። እስቲ እነዚህን እዩልኝ፦
«ካን አይ ባሮው ዩር ፔን?»
«ዘ ባንክ ባሮውድ ሂም መኒ።»
«ካን አይ ሌንድ ዩር ፎን?»

መልስ፦ ተርጓሚዋ

የመጀመሪያው ያለምንም እንከን ትክክል ነው። ሁለተኛው ላይ ባንኩ ሰጪ ነው፤ «ሌንት ሂም» በይው። ደግሞ «ባሮውድ» ካልሽ በኋላ «ሂም» መጥቷል፣ ማቆሚያውን ዘለልሽው። ሦስተኛው ስልኩን ፈልገሽ ከሆነ ባሮው ነው።

ዕቃ ለራስሽ ስትጠይቂ ይህንን ብቻ ብትይዢ ይበቃሻል፦ «ካን አይ» ብለሽ ከጀመርሽ ባሮው፣ «ካን ዩ» ወይም «ኩድ ዩ» ብለሽ ከጀመርሽ ሌንድ። «ካን አይ ባሮው ዩር ፔን?» እና «ኩድ ዩ ሌንድ ሚ ዩር ፔን?» የሚጠይቁት አንድ እስክሪብቶ ነው፤ አንዱ ከእኔ በኩል፣ ሌላው ከአንተ በኩል ይነሳል። ስትናገሪ ግሱን ከመፈለግ የመጀመሪያዋን ቃል መከተል ይቀላል።

መልስ፦ ውሰት ተጫዋች

እኔ ከኳስ በኩል ልግባ። ተጫዋች ለሌላ ክለብ ለጊዜው ሲሰጥ በአማርኛ «በውሰት» ሄደ እንላለን፤ «በብድር» ያለ ጋዜጠኛ ሰምቼ አላውቅም። እንግሊዞቹ ግን «ኦን ሎን» ነው የሚሉት፤ የባንክ ብድርም ለእነሱ ያው «ሎን» ነው። ለምን?

መልስ፦ ተርጓሚዋ

ግሩም ጥያቄ ነው። እኛ የምንለየው በሚመለሰው ነገር ነው። ራሱ ዕቃው ከተመለሰ ውሰት፣ ምትኩ ከተመለሰ ብድር። ተጫዋቹ ራሱ ይመለሳል፣ መጽሐፉ ራሱ ይመለሳል፤ የተበደርሽውን ገንዘብ ስትመልሺ ግን ኖቶቹ ሌሎች ናቸው፣ ልኩ ብቻ ነው አንድ። ውለታም የሚመለሰው በዓይነቱ ስለሆነ «ብድር መላሽ» እንላለን እንጂ «ውሰት መላሽ» አንልም። እንግሊዝኛ ይህ ጉዳዩ አይደለም፤ የሚያስጨንቀው አቅጣጫው ብቻ ነው። ስለዚህ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ስተረጉም ሌላ ሥራ ይጠብቀኛል፦ «ባሮውድ» ባየሁ ቁጥር ምን እንደተወሰደ ሳላውቅ መተርጎም አልችልም።

«ካን አይ ባሮው ኤ ፒስ ኦፍ ፔፐር?» የሚሉትስ? ጽፎበት የሚመልስ የለም። የጨዋ ልመና ነው፤ በእኛ «ወረቀት ስጠኝ» ነው።

ቃልም እንዲሁ ነው። ከሌላ ቋንቋ የመጣ ቃል በእኛ የውሰት ቃል፣ በእነሱ «ሎንወርድ» ይባላል። እስካሁን የመለሰ ቋንቋ የለም።

መልስ፦ ነጭ ጠመኔ

«ሎን»ን ማንም አልመለሰም። ስም ሲሆን ጣጣ የለውም፦ ብድር ወይም ውሰት። ግስ ሲሆን አሜሪካኖች «ሂ ሎንድ ሚ ሂዝ ካር» ይላሉ፣ ችግር የለውም። በብሪታንያ እንግሊዝኛ ግን ግሱ ሌንድ ቢሆን የሚመርጡ ብዙ ናቸው። ሌንድ የትም አያሳፍርሽም፤ እሱን ያዢ። ዘይቤ ላይ ግን ሎን ጨርሶ አይገባም፦ «ሌንድ ኤ ሃንድ» እርዳታ ነው፣ «ሎን ኤ ሃንድ» አይባልም። «ሌንድ አን ኢር» ደግሞ ከእኛው «ጆሮህን አውሰኝ» ጋር ቁርጥ አንድ ነው።

መልስ፦ የማታ ተማሪ

ነጭ ጠመኔ ዛሬ ከሁለት መስመር በላይ ጻፈ!

እኔ ደግሞ ጀርመንኛ ስጀምር ያገኘሁትን ልጨምር። እዚያ «ላይሄን» የሚባል አንድ ግስ አለ፤ ሁለቱንም ይሠራል፣ መስጠቱንም መውሰዱንም። ከዓረፍተ ነገሩ አሠራር ነው የሚለየው። የጀርመን ሰዎች በእንግሊዝኛ ልክ እንደ ማለዳ ሲሳሳቱ ሰምቻለሁ፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። እነሱ አንዱን ግስ ለሁለቱም ስለሚጠቀሙበት ነው፤ እኛ አራት እያለን አንዲት «ኝ» አሳሳተችን።

አስተያየት፦ ማለዳ

ኪራይስ? «ሬንት» ተከራየ ነው አከራየ?

መልስ፦ መምህሩ

ሁለቱንም ነው። «አይ ሬንትድ ዘ ሃውስ» ብቻውን ተከራየሁም አከራየሁም ሊሆን ይችላል። ለማከራየት «ሬንት አውት» ብትይ ግልጽ ይሆናል፤ በብሪታንያ «ሌት» ይላሉ። በውሰት ላይ ያን ያህል የተጠነቀቀ ቋንቋ እዚህ ላይ ለምን እንደላላ እኔም ይገርመኛል።

ቅድም ስለ ስልክ ጠይቀሽ ነበርና አንድ ነገር ልጨምር። ስልክ እዚያው ቆመሽ ደውለሽ ብትመልሺም «ባሮው» ይባላል። ከቦታው የማይነሳ ነገር ግን «ዩዝ» ነው፦ መታጠቢያ ቤት፣ የስብሰባ ክፍል። «ካን አይ ባሮው ዩር ባዝሩም?» ካልሽ ተሸክመሽው ልትሄጂ ነው።

አስተያየት፦ ማለዳ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ተርጓሚዋን በተለይ። ለባልደረባዬ አሁን «አይ ሌንት ዩ ማይ ቻርጀር ላስት ዊክ» ብዬ ጻፍኩለት፤ «ሌንት» መሆኑን ሁለቴ አየሁ። እሱ ግን ቻርጀሬን እስካሁን አልመለሰም። መልስልኝ ለማለት የትኛውን ልጠቀም?

መልስ፦ ነጭ ጠመኔ

ሁለቱንም ተያቸው። «ካን አይ ሃቭ ማይ ቻርጀር ባክ፣ ፕሊዝ?»