ካይሃን «አንድ ጋዜጣ ብቻ» ነውን?

ጣና፦ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 የኢራንን የኑክሌር ጣቢያ ፎርዶን በደበደበች ጊዜ፣ የቴህራኑ ካይሃን ጋዜጣ ኃላፊ ሑሴን ሸሪዓትማዳሪ የሆርሙዝ ሰርጥ እንዲዘጋ መጠየቁን ትናንት ባነሣ፣ አንድ ወንድማችን «ተወው፣ አንድ ጋዜጣ ብቻ ነው» አለኝ። ይህ አባባል እጅግ አሳዝኖኛል። ሰውየውን በዚያ ወንበር ያስቀመጡት የያኔው የኢራን የበላይ መሪ ዓሊ ካሜኔይ ናቸው፤ ፕሬዚዳንቶች ሲፈራረቁም እሱ ከሠላሳ ዓመት በላይ ከቦታው አልተነቃነቀም።

አራት ኪሎ፦ ያልሁት እኔ ነኝ፤ አልመለስበትምም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2017 በኢራን የሚደገፉት የየመን ሁቲዎች ሚሳኤል ወደ ሳዑዲ ዋና ከተማ ሪያድ ሲተኮስ፣ ካይሃን ቀጣዩ ዒላማ ዱባይ መሆኗን በፊት ገጹ ቢያወጣ ለሁለት ቀን ታግዷል። የመሪው ድምፅ ቢሆን ኖሮ ማን ደፍሮ ያግደው ነበር?

ከዱባይ፦ እኔ ያኔ እዚሁ በሰው ቤት እሠራ ነበር። ማዳም ዜናውን በስልኳ አንብባ ልጆቹን ከበረንዳ ስታስገባ፣ እኔ ደግሞ ፓስፖርቴ የተቆለፈበትን መሳቢያ ቆሜ ስመለከት ትዝ ይለኛል። ወንድሜ፣ በዚያች ሌሊት «ብቻ» የሚለው ቃል አላጽናናንም።

አራት ኪሎ፦ እህቴ፣ ፍርሃታችሁን አልክድም። ነገር ግን ማስፈራት ሌላ፣ መወሰን ሌላ ነው። ካይሃን የ2015ቱን የኑክሌር ስምምነት አጥብቆ ቢቃወምም ስምምነቱ ከመደረስ አልቀረም።

ጣና፦ አሁንም «ብቻ» ላይ ነኝ። ሸሪዓትማዳሪ በ2007 ባሕሬን የኢራን ግዛት ናት ብሎ ሲጽፍ፣ የኢራን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ማኑቸህር ሞታኪ ነገሩን ለማብረድ እስከ ባሕሬን ዋና ከተማ ማናማ ድረስ ሄደዋል። ለአንድ ጋዜጣ ብቻ ሚኒስትር ይላካል?

አራት ኪሎ፦ ሚኒስትሩ የሄዱት መንግሥታቸው በጽሑፉ እንደማይስማማ ለማስረዳት ነው፤ ማስረጃው ለእኔ ነው የሚቆመው።

ቀለም ቀንድ፦ ሁለታችሁም የዘነጋችሁት አለ፤ ጋዜጣው የሚያስፈራው ከሁሉ በፊት የኢራንን ሰዎች ነው። የቀድሞው ፕሬዚዳንት መሐመድ ኻታሚ በ1980ዎቹ ራሳቸው የካይሃን ኃላፊ ነበሩ። በ2009 ግን ሸሪዓትማዳሪ እሳቸውና የተቃዋሚዎች መሪ ሙሳቪ ለፍርድ ይቅረቡ ብሎ ጻፈባቸው፤ ሙሳቪም በ2011 በቁም እስር በቤታቸው ተዘጉ።

አራት ኪሎ፦ የዘጋቸው ጋዜጣው ነው ልትል ነው?

ቀለም ቀንድ፦ አላልሁም። ነገር ግን ስም አስቀድሞ በዚያ ገጽ ላይ ሲጠራ፣ ባለ ስሙ ቤተሰብ «አንድ ጋዜጣ ብቻ ነው» ብሎ አይተኛም።

አራት ኪሎ፦ እንግዲያው ስለ ፍርሃት እንጂ ስለ ሥልጣን አልተከራከራችሁም።

ጣና፦ እዚያ አገር ሁለቱን የሚለይ ድንበር ካለ፣ እስኪ አሳየን።